ከግድግዳው ወዲያ የተሰማ

ሙሉጌጥ የምትመታውን ጽሑፍ ማንበብ ከተወች ብዙ ዓመት ሆኗት ነበር። ሀዋሳ ውስጥ፣ ያኔ ሰው ሁሉ አዋሳ በሚላት ከተማ፣ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበረች። ሰርኩላሩ፣ ቃለ ጉባኤው፣ የዝውውር ደብዳቤው ሁሉ በጣቶቿ ያልፋል እንጂ ልቧ ድረስ አይዘልቅም። ጣቶቿ ሥራቸውን ያውቃሉ፤ እሷ በመስኮቱ የታቦርን ተራራ እያየች የልጇን የትምህርት ቤት ጫማ ታስባለች። እንዲያም ሆኖ ከእሷ እጅ የወጣ ወረቀት ስሕተት አይገኝበትም ነበር።

በ1979 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ጎረቤቷ አቶ ወልደጻድቅ አንድ ደብተር ይዘውላት መጡ። አቶ ወልደጻድቅ የአማርኛ መምህር ናቸው፤ ሚስታቸው ከሞተች ቆይታለች፣ ልጆቻቸውም አዲስ አበባ ናቸው። የእሳቸውን ቤት ከእነሙሉጌጥ ቤት የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ብቻ ነው። ቤቱ ቀድሞ የአንድ ሰው ነበረ፤ የትርፍ ቤት አዋጁ ሲወጣ ቀበሌው ተረክቦ ለሁለት ከፈለው። ለቀበሌው የኪነት ቡድን ተውኔት መጻፋቸውን ነገሯት። ባንድ ግቢ ስለሚኖሩ ሦስት ባልና ሚስቶች ነው፤ አንደኞቹ አዲስ ሙሽሮች፣ ሌሎቹ ሽማግሌና አሮጊት፣ መካከለኞቹ ደግሞ ተኳርፈው የሚኖሩ ጎልማሶች። በትርፍ ሰዓቷ ብትመታላቸው ለመኗት። እሺ አለች፤ ጋሼ ወልደጻድቅ ጠይቀዋት እምቢ ብላ አታውቅም።

በምሳ ሰዓት፣ ሰው ሁሉ ሲወጣ፣ ሦስት ወረቀት በሁለት ካርቦን ደርባ ትመታ ጀመር። ሙሽሮቹንና ሽማግሌዎቹን እንደ ልማዷ ሳታነብ አለፈቻቸው። አሥራ ዘጠነኛው ገጽ ላይ ስትደርስ ጣቶቿ ቆሙ። መካከለኛዋ ሚስት ለባሏ እንዲህ ትላለች፦

«አልተኛህም ነበር። የተኛ ሰው ትንፋሹን አይውጥም።»

ባልየው ደግሞ ይመልሳል፦ «ተኝቼ ነበር። ስንቴ ልንገርሽ?»

ይህን ቃል ሙሉጌጥ ታውቀዋለች። የራሷ ቃል ነው። መልሱም የባሏ የይልማ ነው።

ነገሩ የሆነው በ1970 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ ከተጋቡ ገና ዓመት መሙላታቸው ነበር፤ ሙሉጌጥ የአራት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ታናሽ ወንድሟ አለሙ ይርጋለም እናታቸው ዘንድ ሆኖ የሚማር ልጅ ሲሆን፣ ስሙ ከሚፈለጉት ዝርዝር ውስጥ ገብቶ ከቤት ጠፍቶ ነበር። በዚያው ሰሞን እዚያው ሰፈር ተፈላጊ ደብቀዋል የተባሉ ባልና ሚስት ሁለቱም ተወስደው አልተመለሱም። አንድ ቀን ጎሕ ሲቀድ የእነሙሉጌጥ በር ተንኳኳ። ቀስ ብሎ፣ በጣት ጫፍ፣ ሦስት ጊዜ። ስም አልተጠራም። በሩን ማንም አልከፈተም። ረፋዱ ላይ አንድ ባለ ጋሪ፣ አንድ ቀጭን ልጅ ወደ ሐይቅ ዳር በሚወስደው መንገድ ተይዞ ላንድሮቨር ላይ ሲጫን ማየቱን ለሰው ሲያወራ ሙሉጌጥ በጆሮዋ ሰማች። የልጁ ሹራብ አረንጓዴ ነበር አለ። ሹራቡን የሠራችለት እሷ ነበረች።

ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ውስጥ ጠብ ሲነሳ፣ በጨውም ይጀመር በልጅ፣ መጨረሻው ይኸው ነበር። እሷ አልተኛህም ትላለች፤ እሱ ተኝቼ ነበር ይላል። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር የሚጣሉት። ለካ የጭቃ ግድግዳ ዝቅ ያለውንም ያሳልፋል።

አቶ ወልደጻድቅ ነገሩን ለውጠውታል። በተውኔቱ የሚያንኳኩት በዝናብ የበሰበሱት የሚስትየው እናት ናቸው፤ አማች አማቱን መጥላት እንጂ ሌላ የሚያስጠይቅ ነገር የለበትም። ቃሉን ግን አልነኩትም። ሙሉጌጥ ቤቷ እንደተዘረፈ ሰው ደነገጠች። ወዲያው ደግሞ ያልጠበቀችው ስሜት መጣባት፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ማንም አልሰማኝም ስትል፣ አንድ ሰው ሰምቷት ኖሯል። ወረቀቱን አስተካክላ እስከ መጨረሻው መታችው። ወረቀቱን ስታስረክባቸው አቶ ወልደጻድቅ ዓይኗን አላዩም።

«ስሕተት ካለበት ይታረማል» አሉ።

«ስሕተት የለውም ጋሼ» አለቻቸው። 

ልምምዱ ሲጀመር መካከለኛዋን ሚስት የምትሠራው ልጅ ዲላ ተዛወረች። ቃሉን በሙሉ በቃሏ የምታውቅ ሙሉጌጥ ብቻ ስለነበረች እሷ ተተካች። ባሏን ሆኖ የሚሠራው ኩማ የሚባል የጤና ጣቢያ ድሬሰር ነበር፤ ተጫዋችና ሳቂታ፣ ቁጣው እንኳ የማያስፈራ ልጅ። ተውኔቱ በቀበሌው አዳራሽ አራት እሑድ ታየ። ሰው በሽማግሌዎቹ ሳቀ፣ በሙሽሮቹ አጨበጨበ፣ መካከለኞቹ ሲመጡ ግን ወንበር እንኳ አይንቋቋም ነበር። ሙሉጌጥ የመጨረሻው ረድፍ እንዲሰማት ስትጮኽ፣ ቤቷ ውስጥ በሹክሹክታ የኖረው ነገር አየር አግኝቶ ቀለል ይላት ነበር። ይልማ አንዱንም ቀን አልመጣም። በመንግሥት እርሻ የትራክተር መካኒክ ነበርና የአጨዳ ጊዜ ነው፣ አይመቸኝም አለ። እሷም አልጎተጎተችውም።

ሰውየውን ክፉ ነው የሚል አልነበረም። ይልማ ዝምተኛ ነው፤ እጁ ከግራሶ ጠርቶ አያውቅም፣ ደመወዙን ሳይጎድል ያመጣል፣ ልጃቸውን ፅጌን እጇን ይዞ ዓሣ ለማየት ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ይወስዳታል። ሙሉጌጥ ይህን ሁሉ ታያለች። ታየውና በዚያው ቅጽበት ደግሞ ያ ማለዳ ይመጣባታል።

በዓመቱ፣ በ1981 ዓ.ም. ጥር ላይ፣ ፎቶ ቤት ያለው ማቴዎስ አዲስ ሐሳብ አመጣ። ማቴዎስ የይርጋለም አካባቢ ሲዳማ ነው፤ ጸሎት ቤታቸው ከታሸገ ወዲህ እሑዱን በሥራ ያሳልፋል። አንድ ዘመዱ ከጅቡቲ በትከሻ የሚያዝ ቪዲዮ ካሜራ አምጥቶለት ሠርግ ይቀርጽበት ነበር። ተውኔቱን አይቶት ኖሮ፣ ፊልም እናድርገው ብሎ አቶ ወልደጻድቅን ያዛቸው። ከየትኛውም ቢሮ ገንዘብም ትእዛዝም አይመጣም፤ ካሴቱ ከእሱ፣ ቤቱ ከተዋንያኑ። ሲያልቅ ለሚመለከተው ክፍል አሳይተው ፈቃድ ይጠይቃሉ፤ በዚያን ጊዜ ያለ ፈቃድ ለሕዝብ የሚታይ ነገር የለም።

የሙሽሮቹና የሽማግሌዎቹ ክፍል በሁለት ሳምንት ተቀረጸ። የመካከለኞቹ ሊጀመር ሲል ኩማ ለዘመቻ ተጠራና በሦስት ቀን ውስጥ ወደ ሰሜን ሄደ። ሌሎች ሁለት ወንዶች ተጠየቁ፤ መድረክ ሌላ ነው፣ ያልፋል፣ ካሴት ላይ ከሰው ሚስት ጋር ባንድ መኝታ ቤት መታየት ግን ይቅርብን አሉ። ሙሉጌጥ ይህን ለይልማ እንደ ወሬ አነሳችለት። ይልማ ጫማውን እየፈታ ነበር።

«እኔ እሠራዋለሁ» አለ።

 ይኸው ሰው ሠርጉ ላይ እንኳ ሁለት ቃል ለመናገር አፍሮ ሚዜው የተናገረለት ነው። ወረቀቱን ስጪኝ አላትና ሰጠችው። እሑድ ከሰዓት ደጅ ወንበር አውጥቶ አነበበው። ሙሉጌጥ ልብስ እያጠበች ከሩቅ ታየው ነበር። አሥራ ዘጠነኛው ገጽ ላይ እንደደረሰ ወዲያው አወቀች፤ ወረቀቱን ወደ ጉልበቱ ዝቅ አድርጎ የአቶ ወልደጻድቅን በር ለረጅም ጊዜ ተመለከተ። ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረው። ይቆጣል፣ ወይ ይቀደዋል ብላ ጠብቃ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ግን ከሥራ ሲመለስ ቁጭ ብሎ ያጠናል፤ ቃሉን እንድታሰማው ሲጠይቃትም ድምፁ እንደ ተማሪ ድምፅ ነው። «ተኝቼ ነበር» የምትለዋ ላይ ሲደርስ በጣቱ ያልፋታል እንጂ አያነባትም። ሙሉጌጥ ለምን ብላ ለመጠየቅ ፈራች።

ቀረጻው የተደረገው በገዛ ቤታቸው ነው። ፅጌን ጎረቤት ዘንድ አቆዩዋት። ማቴዎስ ባውዛውን ከቁም ሣጥኑ ላይ አሠረ፣ አቶ ወልደጻድቅ ወረቀቱን ይዘው ጥግ ተቀመጡ። ሙሉጌጥ እንደ መድረኩ ጮኻ ስትጀምር ማቴዎስ አስቆማት።

«እኅት ሙሉጌጥ፣ ድምፅሽን ቀንሺ። ሰሚው እዚሁ አጠገብሽ ነው።»

ድምፅዋን ቀነሰች። ዝቅ ስታደርገው ያው የድሮው የቤቷ ድምፅ ሆነ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ይልማ መስኮቱ ጋ ቆሞ፣ ነገሩ ከእናቲቱና ከዝናቡ ጀምሮ ወደዚያች ቃል ደረሰ።

«አልተኛህም ነበር» አለች። «የተኛ ሰው ትንፋሹን አይውጥም።»

 አቶ ወልደጻድቅ ይልማ ቃሉ ጠፋበት ብለው ሊያስታውሱት አፋቸውን ከፈቱ። እሱ ግን ዞሮ አልጋው ላይ አጠገቧ ተቀመጠ።

«አዎ፣ ነቅቼ ነበር» አለ። «ዐሥር ዓመት የዋሸሁሽ እንዳታፍሪ ብዬ ነው። አለሙ ሲያንኳኳ ቀድመሽ የነቃሽው አንቺ ነሽ። ልነሳ ስል እጄን የያዘኝ ማን ነበር?»

ይህ ወረቀቱ ላይ የለም። በግድግዳ የሚያልፈው የተነገረ ነገር ነው፤ እጅ እጅን ሲይዝ ድምፅ የለውም። ሙሉጌጥ ጣቶቿን አየች። ያን ማለዳ በሁለት እጇ የባሏን ክንድ ጥብቅ አድርጋ ይዛ፣ ፊቷን ትከሻው ውስጥ ቀብራ፣ ራሷን በእምቢታ ስትነቀንቅ፣ ሆዷ ውስጥ ያለው ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲንቀሳቀስ ተሰምቷት ነበር። ይህን ረስታው አልነበረም። ያልረሳችውን ነገር በላዩ ላይ ሌላ ነገር እያለች እያለች ደፍናው ነው የኖረችው።

«የኔ እጅ ነው» አለች።

 ማቴዎስ ካሜራውን አላጠፋም፤ ማጥፋት ነውር መስሎ ተሰማኝ ብሏል በኋላ። አቶ ወልደጻድቅ ወረቀታቸውን አጣጥፈው ተነሡ።

«ከእናንተ ደጅ ቀጥሎ ወደ እኔ መጣ» አሉ። «የእኔንም በር አንኳኳ። ባለቤቴ ያኔ በሕይወት ነበረች። ክፈት አለችኝ። አልከፈትኩም።» በሩ ጋ ደርሰው፣ «ይቅርታ አድርጉልኝ። የራሴን መጻፍ ቢያቅተኝ የእናንተን ጻፍኩ» ብለው ወጡ።

ይልማ ያን ለት ማታ ጋሼን ሊጣላ ይሄዳል ብላ ሰግታ ነበር። አልሄደም። እሳቸውም አልከፈቱ፣ እኛም አልከፈትን የሚል ፊት ነበረው።

አሁን የቸገረው ካሴቱ ነው። የአለሙ ስም ተጠርቶበታል። በቀይ ሽብር የተወሰደ ልጅ ስም ያለበት ቴፕ ለፈቃድ ቢቀርብ ማቴዎስም አቶ ወልደጻድቅም ባልና ሚስቱም ባንድ ቀን ይለቀማሉ። ማቴዎስ በላዩ ላይ መቅዳት እንደሚቻል፣ ከዚያ በኋላ ግን የበፊቱን ማንም መልሶ እንደማያገኘው አስረዳቸው። ሙሉጌጥ ሳይጠፋ አንድ ጊዜ ልየው አለች። በፎቶ ቤቱ ጓዳ፣ መጋረጃው ተዘግቶ፣ ድምፁ ዝቅ ተደርጎ፣ ባልና ሚስቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው አዩት። ሙሉጌጥ የምታየው የራሷን ፊት ሳይሆን የይልማን ነበር። ዐሥር ዓመት ስትከስሰው አንድም ቀን ፊቱን ቀና ብላ አላየችውም ነበር፤ በዚያች ትንሽ ቴሌቪዥን ውስጥ ያረጀ፣ የደከመ ሰው ሆኖ አገኘችው። ሲያልቅ ይልማ ለማቴዎስ ቅዳበት አለው።

በማግስቱ እንደ ወረቀቱ ሠሩት። ይልማ «ተኝቼ ነበር፤ ስንቴ ልንገርሽ?» የምትለውን ቃል ያለ አንዳች ስሕተት ተናገራት። ሊያዩት የመጡት ሹማምንት ሽማግሌው ስለ ወረፋ የሚያጉረመርምበትን ሁለት ቦታ አስቆርጠው ፈቀዱ። ፊልሙ በአዳራሹ፣ ከአንድ ክበብ በተዋሱት ቴሌቪዥን፣ ሦስት ቅዳሜ ታየ፤ ሰው መግቢያ አጥቶ በመስኮት ያይ ነበር። በገበያው ይልማን እያስቆሙ ያደንቁት ጀመር። ተፈጥሮህ ነው፣ እውነት እኮ ይመስላል ይሉታል። እሱ አመሰግናለሁ ብሎ ያልፋል። ሙሉጌጥ እነዚያን ቀናት እንደ ሕመም ነው የምታስታውሳቸው። ሰው ሁሉ ያያትና ያዘነላት፣ ያች ባሏ የበደላት ሚስት፣ በእውነተኛዋ በእሷ ላይ የተቀዳችባት ያህል ነበር።

ቤት ውስጥ ጠቡ ቆመ። የቆመው ግን ሰላም ሆኖ አልነበረም፤ የሚወነጀል ሲጠፋ የሚወራም ጠፋ። ሁለት ወር በዚህ ዓይነት ከቆዩ በኋላ ሙሉጌጥ አንድ ጧት ለይልማ እማማ ጋ መሄድ አለብን አለችው። እናቷ ወይዘሮ ብዙነሽ ይርጋለም ናቸው። አለሙ በሞያሌ በኩል ኬንያ ገብቷል የሚል ወሬ ከየት እንደሰሙ አይታወቅም፣ ያን ወሬ ይዘው ይጠብቁት ነበር። አልቅሰውለት አያውቁም። ሙሉጌጥ የአረንጓዴውን ሹራብ ነገር አንድም ቀን ትንፍሽ ብላላቸው አታውቅም።

በአውቶቡስ ሄዱ። ወይዘሮ ብዙነሽ ጤፍ እየለቀሙ ነበር። ይልማ ከፊታቸው ቁጭ ብሎ መናገር ጀመረ፤ በሩ ተንኳኳ፣ እኔ አልከፈትኩም እያለ ጥፋቱን ለብቻው ሲጠቀልለው ሙሉጌጥ አቋረጠችው። እጁን ይዤ ያስቀረሁት እኔ ነኝ አለች። የላንድሮቨሩንም ነገር ነገረቻቸው። ወይዘሮ ብዙነሽ ሰፌዱን አላስቀመጡም።

«ስንቴ አንኳኳ?» አሉ።

«ሦስቴ።»

«ስምሽን ጠራ?»

«አልጠራም እማማ።»

«ቢጠራሽ ጎረቤት ሰምቶ እንዳያስይዝሽ ነው» አሉ። «እሱ አዝኖልሽ ነበር።»

ከዚህ የከፋ እርግማን ቢኖር ሙሉጌጥ አታውቀውም። ወይዘሮ ብዙነሽ ግን ሊረግሙ አልነበረም የተናገሩት፤ ልጃቸውን መግለጻቸው ነበር። ተነሥተው ጓዳ ገቡ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው ወጡ፣ ደጃፉ ላይ ቆመውም በዐሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የልጃቸውን ስም ጠርተው ጮኹ። ሰፈሩ መጣ። በዚያ ዘመን ለእንዲህ ያለ ሟች ድንኳን መትከል ያስጠይቅ ነበርና፣ የሩቅ ዘመድ መርዶ ነው ብለው ለቀበሌው አስታወቁ፤ የቀበሌውም ሊቀ መንበር እያወቀ አላወቀም። ሦስት ቀን ተቀመጡ። ይልማ ውሃ ሲቀዳ፣ አግዳሚ ሲያመላልስ፣ እንጨት ሲፈልጥ ሰነበተ። ወይዘሮ ብዙነሽ አንድ ቃል አልተናገሩትም።

ከዚያ በኋላ ሙሉጌጥ በየአሥራ አምስት ቀኑ ወደ ይርጋለም ትሄድ ነበር። ለአርባው ስትጠራ እሷ ብቻ ተጠራች። ይልማ ግን ብቻዋን ሰድዷት አያውቅም፤ አብሯት በአውቶቡስ ይሄድና መናኸሪያው አጠገብ ካለች ሻይ ቤት ተቀምጦ ይጠብቃታል። እሷም ግባ አላለችውም፣ እሱም ልግባ አላላት። ሲመለሱ እናቷ እንዴት እንደዋሉ ይጠይቃታል፤ ትነግረዋለች። ከብዙ ዓመት ጠብና ዝምታ በኋላ የሚያወሩት ነገር ይኸው ሆነ።

ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ አንድ ቅዳሜ ወይዘሮ ብዙነሽ ምሳ አቅርበው ሳይባርኩ ቆዩ።

«ባልሽን የት ጥለሽው ነው የምትመጪው?» አሉ።

መናኸሪያ ሻይ ቤት መሆኑን ነገረቻቸው። ሁልጊዜ? አሏት። ሁልጊዜ አለች። ሂጂ ጥሪው አሉ። ይልማ መጥቶ እጁን ታጠበ፣ ከበር አቅራቢያ ካለው በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ወይዘሮ ብዙነሽ ወጥ ጨመሩለት፤ ብላ አሉት። ፊቱን ግን አላዩትም፤ ያን ቀንም፣ ከዚያ በኋላም ብዙ ጊዜ አላዩትም። እሱም ይህን አልጠበቀም። በልቶ አመሰገነና፣ ጣራው የሚያፈስበትን ቦታ እንዲያሳዩት ጠየቀ።